ድምፅ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ነው

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ጎን መዳፍ የምታህል ሳጥን፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ስፒከሮች ተቀምጠዋል። ሳጥኗ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዛለች፤ ከጀርባዋ የወጡት ገመዶች ወደ ስፒከሮቹ ይሄዳሉ። ሁሉም በርቷል፣ ዘፈን ግን ገና አልተከፈተም። ጸጥታ ሊኖር ሲገባ ከስፒከሮቹ «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ሳያቋርጥ ይወጣል። ማውሱ ሲንቀሳቀስ በላዩ ቀጭን ሲርታ ይደረብበታል። ማሲንቆ ተቀርጾ ሲደመጥም፣ ትረካ ሲከፈትም ያው ጉርምርምታ ከሥር ተኝቶ ይገኛል። አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ክፍሉ ፖድካስት የሚያዘጋጅ ወጣትም፣ ዋሽንግተን አካባቢ ምድር ቤቱን ስቱዲዮ ያደረገ ኪቦርድ ተጫዋችም ይህን ድምፅ ያውቁታል።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምትጠረጠረው ሳጥኗ ናት። ርካሽ ስለሆነች ነው ይባላል፤ ገንዘብ ተጠራቅሞ ከእሷ የምትበልጥ ትገዛለች፤ አዲሷም በዚያው ገመድና በዚያው ሶኬት ትሰካና እምምታው ባለበት ይቀጥላል። እኔ የምከራከረው ስለዚህ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ በሚገኙት የዩኤስቢ ድምፅ መሣሪያዎች ዘንድ ድምፅ የሚበላሸው በአብዛኛው ወደ ሳጥኑ በሚገባውና ከሳጥኑ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ገንዘብም ትኩረትም አስቀድሞ መዋል ያለበት ለዚህ መንገድ ነው። ሳጥን ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። በሳጥንና በሳጥን መካከል ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ያ ልዩነት ለጆሮ የሚደርሰው መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው።

ሙያተኞች ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ብዙ ሰው ደግሞ የውጭ ሳውንድ ካርድ የሚላት ይህች ሳጥን ሥራዋ ሁለት ነው። ከማይክሮፎን ወይም ከክራር የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር ትቀይራለች፤ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ መልሳ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ትቀይራለች። ኮምፒዩተር ዘፈንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ የሞገዱን ቁመት ለክቶ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ አንድን ሞገድ ሳያጎድሉ ለመመዝገብ ደግሞ ከድግግሞሹ እጥፍ በላይ መለካት ይበቃል፤ 44,100 የተመረጠው ለዚህ ነው። የቢቱ ብዛት ከደካማው ድምፅ እስከ ኃይለኛው ያለውን ርቀት ይወስናል። አንድ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል ስለሚጨምር 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል ይደርሳል።

ይህን ቁጥር ከክፍሉ ጋር እናስተያየው። ሌሊት ጸጥ ያለ የመኖሪያ ክፍል እንኳ 30 ዴሲቤል ያህል የራሱ ድምፅ አለው፤ መስኮቱ ወደ አስፋልት የሚያይ ከሆነ ይበልጣል። ዘፈን ጥሩ አድርጎ ተከፍቶ 80 ወይም 85 ዴሲቤል ቢደርስ፣ በዘፈኑና በክፍሉ ጸጥታ መካከል ያለው ርቀት 50 ወይም 55 ዴሲቤል ነው። የሲዲ ጥራት ብቻውን ከዚህ በ40 ዴሲቤል ይበልጣል። በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ኢንተርፌሶች ደግሞ በ24 ቢት ይሠራሉ፤ ተለክቶ የሚገኘው እውነተኛ አቅማቸውም 100 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በሳጥኗ ውስጥ ሞገድንና ቁጥርን የሚለዋውጠው ቀያሪ ራሱ የሚያወጣው ሽሽታ ከክፍሉ ጸጥታ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ከወንበር ላይ ሆነው ያለ ምንም ጥረት የሚሰሙት እምምታ ከዚህ ቀያሪ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከሌላ ቦታ ገብቷል።

«እንዲህ ከሆነ ሳጥኗስ ለምን ታስፈልጋለች? ላፕቶፑም እኮ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማዳመጥ ብቻ ለሚፈልግ፣ ስፒከሮቹም አጠገቡ ላሉ ሰው የአንዳንድ ላፕቶፖች ቀዳዳ በቂ ስለሆነ ሳጥን ካልገዛህ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ቀዳዳው የሚያስቸግረው በሁለት ምክንያት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያውና ስክሪኑ በየቅጽበቱ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፤ ሥራቸው በተለዋወጠ ቁጥር የሚፈጠረው ንዝረት ጥበቃው ደካማ በሆነ ማሽን ላይ ወደ ድምፁ መስመር ይሻገራል። ማውሱ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ሲርታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ 3.5 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ግራውንና ቀኙን የሚያወጣው በአንድ የጋራ መመለሻ ሽቦ ስለሆነ፣ ረዥም ገመድ ሲቀጠልበት በመንገዱ ያገኘውን ረባሽ ድምፅ ሁሉ ይለቅማል። የሳጥኗ ትልቁ ውለታ እንግዲህ ቀያሪውን ከዚያ ግርግር ማውጣቷና ከጀርባዋ ለስፒከር የሚመች መውጫ መስጠቷ ነው። የእንግሊዙ ፎከስራይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ስካርሌት 2አይ2 የዚህ ዓይነት ሳጥን ምሳሌ ነው፤ ከፊቱ ሁለት የማይክሮፎን መግቢያና አንድ ትልቅ መዘውር፣ ከጀርባው ደግሞ ባላንስድ የሚባሉ፣ ወደፊት የማብራራቸው ሁለት መውጫዎች አሉት። ሳጥኗን ገዝቶ ስፒከሮቹን አሁንም ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ የሚተው ሰው ይህን ውለታ ሳይጠቀምበት ቀርቷል።

መንገዱ የሚጀምረው ከዩኤስቢ ገመድ ነው። የዩኤስቢ ደረጃ የመጀመሪያው እትም በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የድምፅ መሣሪያዎች በዚህ ገመድ እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚደነግገው ክፍል በ1998፣ ሁለተኛው እትሙ ደግሞ በ2006 ተከተለ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ፍጥነቱ ነው። ጭንቀቱ ግን በሒሳብ አይደገፍም። በ24 ቢትና በ48,000 ልኬት የሚሄድ የግራና የቀኝ ድምፅ በሰከንድ 2.3 ሚሊዮን ቢት ያህል ነው፤ የጥንቱ ዩኤስቢ እንኳ በሰከንድ 12 ሚሊዮን ቢት ይሸከማል። በዚያ ገመድ ላይ ዘፈኑ ከአምስት አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። የሚያጥረው ጊዜና ኃይል ነው። ፋይል በዩኤስቢ ሲገለበጥ የተበላሸች ቁራጭ ካለች እንደገና ትላካለች። ድምፅ ግን ሰዓቱን ጠብቆ መድረስ ስላለበት በየሚሊ ሰከንዱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ በጥቅል ይላካል፤ በመንገድ የቀረች ጥቅል ተመልሳ አትጠየቅም። ቀረች ማለት ከስፒከሩ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወጣ ማለት ነው።

ኃይሉም እንዲሁ ገደብ አለው። የዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 5 ቮልትና እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ በዋት ሲታይ 2.5 ዋት ነው። ሳጥኗ ከዚህ ላይ ቀያሪዎቿንም፣ የጆሮ ማዳመጫውንም፣ ለኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚላከውን 48 ቮልትም ታበቃቃለች። ሳጥኗ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ተሰክታ በዚያው ላይ ሃርድ ዲስክና ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ከተጨመረ ይህ ጥቂት ኃይል ይሻማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ሳጥኗ ከነአካቴው ትጠፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳጥኗ ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ትሰካ፣ ገመዱም አጭር ይሁን፤ ለዩኤስቢ 2 ገመድ የተወሰነው የመጨረሻ ርዝመት 5 ሜትር ነው። አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ከቻርጀር ጋር የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ውስጣቸው የኃይል ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ የመረጃ ሽቦዎቹ የሉም። በእንዲህ ያለ ገመድ የሳጥኗ መብራት ይበራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን አያያትም። ደህና ሳጥን ተበላሽታለች ተብላ ወደ ሱቅ ከምትመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በወርቅ የተለበጠ ውድ የዩኤስቢ ገመድ ድምፁን «ያሞቀዋል»፣ «ይከፍተዋል» የሚለውን ወሬ ግን አልቀበለውም። በገመዱ የሚያልፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ወይ በትክክል ይደርሳል፣ ወይ ተሰናክሎ መቆራረጥ ያመጣል። ቁጥሩ በትክክል ደርሶ ሳለ የዘፋኙን ጉሮሮ የሚያለሰልስበት መንገድ የለውም። ጤነኛና አጭር ገመድ ከተገኘ በዚህ በኩል ሌላ የሚገዛ ነገር የለም።

ገመዱ ከተሰካ በኋላ ኮምፒዩተሩ ራሱ ድምፁን በየት እንደሚያወጣ ሊነገረው ይገባል። በዊንዶውስም በማክም የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ መውጫው ሳጥኗ እንድትሆን መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዘፈኑ በላፕቶፑ ትንሽ ስፒከር መውጣቱን ይቀጥላል። ዊንዶውስ ሁለተኛውን የዩኤስቢ ድምፅ ደረጃ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 በዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ማሽኖች የአምራቹን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ዛሬም ቢሆን ለቀረጻ የአምራቹ ድራይቨር ይመረጣል። ምክንያቱ መዘግየት ነው።

ለውድ ሳጥን የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራው ነጥባቸውም እዚህ ላይ ነው። ክራር ሲመታና ድምፁ በኮምፒዩተር አልፎ በስፒከር ሲመለስ በመካከሉ ጊዜ ያልፋል፤ ጥሩ ሳጥን ይህን ጊዜ ያሳጥራል ይላሉ። እውነትነት አለው። በደንብ የተጻፈ ድራይቨር ያለው ሳጥን ኮምፒዩተሩ ልኬቶችን የሚያጠራቅምበት ማቆያ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሳይቆራረጥ መሥራት ይችላል፤ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤሲዮ የተሰኘውን ሥርዓት ለዚሁ ዓላማ ሠርቷል። ነገር ግን ቁጥሮቹ ይታዩ። ኮምፒዩተሩ 256 ልኬት እያጠራቀመ በ48,000 ቢሠራ፣ የአንድ ማቆያ መዘግየት 5.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ወደ 128 ሲወርድ 2.7 ይሆናል፤ 1,024 ላይ ከተተወ ግን 21 ያልፋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከስፒከሩ 1.8 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው በርቀቱ ብቻ 5 ሚሊ ሰከንድ ይዘገይበታል። ማቆያውን በ1,024 ትቶ ስለ ሳጥኗ ዝግመት ማማረር ተገቢ አይደለም፤ ሲቀርጹ ማቆያውን ዝቅ፣ ሲያቀናብሩ ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ ሳጥኖች ደግሞ የሚገባውን ድምፅ በኮምፒዩተሩ ሳያሳልፉ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚልክ ቁልፍ አላቸው። እሱ ሲበራ ለዘፋኙ የመዘግየቱ ነገር ያበቃል። በብሉቱዝ ስፒከር ለመቅረጽ የሚሞክር ግን ለዚህ ችግር መፍትሔ አያገኝም፤ ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆና አቆይቶ ስለሚልክ ለማዳመጥ እንጂ ለሙዚቃ ሥራ አይሆንም።

ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ከተቀየረ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር አይሞላም። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን በዚህ ሁለት ሜትር ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥር ነበር፤ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ብትነካው አይለወጥም። አሁን ግን የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፤ በገመዱ ላይ የሚደርብ ማንኛውም ሌላ ሞገድ የድምፁ አካል ሆኖ ይቀራል። የግድግዳው መስመር፣ የስልኩ አዳፕተር፣ ከአናት በላይ ያለው መብራት ሁሉም ገመዱ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይጥላሉ። ተራው ገመድ አንድ የድምፅ ሽቦና አንድ መከለያ መረብ ብቻ ስላለው ይህን የሚከላከልበት አቅም ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ያመጣው፣ በቴፕና በቴሌቪዥን ጀርባ በቀይና በነጭ የምናውቀው መሰኪያ የዚህ ወገን ነው።

ባላንስድ የሚባለው አገናኝ መፍትሔውን ያገኘው በመቀነስ ነው። ውስጡ ሁለት የድምፅ ሽቦዎችና አንድ መከለያ አሉ። ሳጥኗ በአንደኛው ሽቦ ሞገዱን እንዳለ፣ በሁለተኛው ደግሞ ገልብጣ ትልካለች። በአንድ ቅጽበት በአንደኛው ላይ 1 ቮልት ቢኖር በሌላው ላይ ከዜሮ በታች 1 ቮልት አለ። በመንገድ ላይ የሚመጣው ረባሽ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የተጠማዘዙ ሽቦዎች እኩል ይነካቸዋል፤ 0.2 ቮልት ጨመረባቸው እንበል። አሁን አንደኛው 1.2፣ ሌላው ከዜሮ በታች 0.8 ሆኗል። ስፒከሩ ሁለተኛውን ከአንደኛው ሲቀንስ 2 ቮልት ያገኛል። ድምፁ እጥፍ ሆነ፣ ረባሹ ጠፋ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን እጅግ ብዙ ገንዘብ ከተከፈለበት ቀያሪ ይበልጣል፤ ያ ቀያሪ ከእሱ በኋላ በገመዱ ላይ የሚገባውን ረባሽ ሊያጠፋ አይችልምና።

ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለ። አንዱ ከማይክሮፎን የምናውቀው ባለ ሦስት ጥርሱ ኤክስኤልአር ነው። ሌላው 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትልቁ ጃክ ሲሆን፣ ትውልዱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማገናኛ ሰሌዳዎች ነው። ጃኩን ሲገዙ አንገቱን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጥቁር ቀለበት ካለው ተራው የጊታር ገመድ ነው፤ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለው ባላንስድ መሆን ይችላል። ሁለቱ ገመዶች ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ሁለቱም ቀዳዳው ውስጥ ልክ ይገባሉ፣ ሁለቱም ድምፅ ያወጣሉ። በጊታር ገመድ የተሰካ ሰው ባላንስድ መውጫና ባላንስድ መግቢያ ገዝቶ በመካከሉ ያለውን መከላከያ እንደጣለ አያውቅም።

ሁለት ቀለበት ስላለ ብቻ ግን ነገሩ አያበቃም፤ የጆሮ ማዳመጫ ጃክም ሁለት ቀለበት አለውና። በእሱ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች የሚሸከሙት አንድን ሞገድ ቀጥና ግልብጥ ሳይሆን የግራውንና የቀኙን ድምፅ ነው። ከሳጥኗ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ አንድ ስፒከር ባላንስድ መግቢያ የተሰካ ገመድ እጅግ ግራ የሚያጋባ ውጤት ያመጣል። ስፒከሩ እንደተሠራበት አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፤ በግራም በቀኝም እኩል የሚገኝ ነገር ሁሉ በቅነሳው ይጠፋል። በአብዛኛው ዘፈን ላይ በመሐል የሚቀመጡት ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ፣ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ናቸው። ኪቦርዱና የዳር ዳሩ ጌጥ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን ከሩቅ ዋሻ ውስጥ የሚያስተጋባ ይመስላል። ስፒከሩ ደህና ነው፣ ሳጥኗም ደህና ናት፣ ዘፈኑም ደህና ነው። ስለ መንገዱ ለምከራከረው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፦ አንድ ገመድ አላግባብ በመሰካቱ ብቻ ዘፋኙ ከዘፈኑ ወጥቷል። ትክክለኛው ቦታ ከጀርባ ያለው ዋናው መውጫ ነው፤ የግራው መውጫ ወደ ግራው ስፒከር፣ የቀኙ ወደ ቀኙ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ገመድ።

ከፍታውም ከመንገዱ ጋር የሚታይ ነው። የሙያ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት መደበኛ ከፍታ 1.23 ቮልት ሲሆን የቤት ዕቃዎች ደግሞ በ0.316 ቮልት ይነጋገራሉ፤ ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አንዳንድ ስፒከሮች ከኋላቸው ይህን የሚመርጥ ማብሪያ አላቸው፤ ያለ ቦታው ከተተወ ድምፁ ወይ ይደክማል ወይ ይጮኻል። ሌላው የተለመደ ስህተት የሳጥኗን መዘውር ትንሽ ብቻ ከፍቶ የስፒከሩን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ ነው። እንዲህ ሲሆን ስፒከሩ የመጣለትን ደካማ ድምፅ ከራሱ ሽሽታ ጋር አብሮ ያጎላዋል። ከሳጥኗ ጠንከር ያለ ድምፅ ልኮ ስፒከሩን መካከል ላይ ማስቀመጥ ሽሽታውን በአንድ ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ወጪም የለውም። ስፒከሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሌለውና ከጀርባው ቀይና ጥቁር መያዣ ብቻ ካለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፤ ሳጥኗ የጆሮ ማዳመጫ እንጂ እንዲህ ያለ ስፒከር የምትነዳበት ኃይል የላትም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም እምምታው ከቀጠለ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በ50ና በ100 ኸርዝ ላይ ይሰማል፤ አሜሪካ በ60 ስለሚሠራ የዋሽንግተኑ ሙዚቀኛ የሚሰማው ጥቂት ቀጠን ይላል። አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ በቻርጀሩ በኩል ከመሬት መስመር ጋር ይገናኛል፤ ስፒከሮቹም በራሳቸው ገመድ ከመሬት መስመር ጋር ይገናኛሉ። የድምፁ ገመድ መከለያ ሁለቱን ሲያያይዝ ክብ ይዘጋል። በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ጥቂት የቮልት ልዩነት ካለ በዚህ ክብ ውስጥ ጅረት ይዞራል፤ ጅረቱም ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ማሠራት። እምምታው ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ቀጥሎ ላፕቶፑንና ሁለቱን ስፒከሮች ከአንድ ሶኬት በሚነሳ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ነው፤ የመሬታቸው ነጥብ አንድ ሲሆን ልዩነቱም ይጠፋል ወይም እጅግ ይቀንሳል። ካልሆነ በድምፁ ገመድ መሐል የሚገባ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። ድምፁን በማግኔት አሻግሮ የሽቦውን ግንኙነት ስለሚያቋርጥ ክቡን ይከፍተዋል።

ውድ መሣሪያ ከዚህ ያድናል የሚል ካለ የሙያው ታሪክ ራሱ መልስ አለው። የድምፅ መሐንዲሱ ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት በሙያ መሣሪያዎች ዘንድ የተንሰራፋ አንድ ጉድለት አሳየ፤ አምራቾቹ የኤክስኤልአሩን አንደኛ ጥርስ፣ ማለትም የመከለያውን ሽቦ፣ ከብረት አካሉ ጋር ማያያዝ ሲገባቸው ወደ ውስጠኛው የድምፅ ሰሌዳ ያስገቡት ነበር። በመከለያው ላይ የሚመጣው ረባሽ በዚህ በር ወደ ድምፁ ይገባል። የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2005 ስለዚሁ የግንኙነት ሥርዓት ደረጃ አወጣ። ለሙያ ስቱዲዮ የተሠራ መሣሪያ እንኳ አንድ ሽቦ ያለ ቦታው በመያያዙ እምም ይል ነበር።

አንድ ክርክር ግን ይቀራል፤ በመልካም ቃል የማልፈውም አይደለም። «የመሬቱን ጥርስ ብትቆርጠው ወይም በሁለት ጥርስ አዳፕተር ብትሰካው እምምታው ይጠፋል» የሚል ምክር በየስቱዲዮው ይሰጣል። ብዙ ጊዜ እውነትም ይጠፋል፤ ክቡ ተቆርጧልና። ነገር ግን ያ ሽቦ የተዘረጋው ለድምፅ ጥራት አይደለም። በስፒከሩ ወይም በአምፕሊፋየሩ ውስጥ 220 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ተላጦ የብረቱን አካል ቢነካ፣ ጅረቱ በመሬት መስመሩ ፈስሶ ፊውዙን እንዲያቃጥል ወይም ብሬከሩን እንዲጥል ነው። መስመሩ ከተቆረጠ ያ ቮልት በብረቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የድምፅ ገመዶቹ መከለያ ብረቱን ከሳጥኗ ጋር፣ ሳጥኗን ከማይክሮፎኑና ከጊታሩ ጋር ያገናኛል። ጊታር የያዘ ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ሲያስጠጋ የጅረቱ መንገድ እሱ ይሆናል። የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የሚገጠሙት ማቋረጫዎች 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ መስመሩን እንዲዘጉ የተሠሩት ከዚህ የበለጠ ጅረት በልብ ላይ ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል ነው። ሳጥኗ ከዩኤስቢ ከምትስበው 500 ሚሊ አምፔር ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥቂት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ስፒከርም ከመሰካቱ በፊት በጀርባው የተጻፈው ቮልት ይነበብ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በ220 ይቃጠላል።

ከተገዛችው ሳጥን ጋር ሁለት ባላንስድ ገመድና አንድ ባለ መሬት ዲቫይደር አብረው ይገዙ፤ የሚሸጡትም ደንበኛው ወደተሻለች ሳጥን እንዲያልፍ ከመምከራቸው በፊት ገመዱን ይጠይቁት። የመሬት ጥርሱ የተቆረጠ መሰኪያ፣ ወይም የመሬት ሽቦው ያልተገናኘ ሶኬት ያለበት ስቱዲዮ ካለ ግን ቀረጻው ይቁምና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠርቶ አስቀድሞ እሱ ይጠገን።